ሸጋው በስብሰባው አልተገኘም

«ሸጋው የሚባለው የት ነው?» አለኝ ሰውየው።

ልስቅ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ዓይኑን አየሁት፤ የምሩን ነው። ከኋላው የቆሙት ሁለት ባለ ጠመንጃዎችም ፊታቸው አልተፈታም። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ደርቆ ቀረ። ሸጋው እኮ በሬዬ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ታስሮ ገለባ ያላምጣል። ሰውየው ግን ደብተር ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ነክሶ፣ የበሬዬን ስም ከእኔና ከልጄ ስም በታች ይጽፋል። መጨነቅ እንዳለብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰዎቹ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍም። ሁለቱም ወገን ቤቴ ገብቶ በልቷል፤ ሁለቱም ሌላውን ለምን አበላሽ ብሎ ጠይቆኛል። እናንተ እዚያው ስማዳ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ስደት ላይ ያላችሁትም አልረሳችሁትም።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። ልጄ ስንዱ ኮሌጅ ገብታ ሦስተኛ ዓመት ደርሳ ነበር። በጸጥታው ምክንያት ኮሌጁ ተዘግቶ ልጆቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ፣ እሷም ከወገዳ ወዲያ ወዳለችው ጎጃችን ሁለት መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። አንዱ ወፍራም ነው፤ ስለ ሀብትና ስለ ሥራ የተፈላሰፈ የጥንት ፈረንጅ ሐሳብ የሚያስተምር፤ ጺሙ ደረቱን ያለበሰው ሽማግሌ መጀመሪያው ገጽ ላይ ፊት ለፊት ያፈጣል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ የመሥሪያ ቤት አጻጻፍ ነው። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚቀርብ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ ይናገራል።

ይኸው ቀጭኑ ነው ጉድ የሠራን። «አንድ ድርጅት አለ በሉና የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ጻፉ» ይላል መልመጃው። ስንዱ ድርጅት ከየት ታምጣ? ያላት የእኛ ቤት ነው። በእንግሊዝኛው ከመጻፏ በፊት በአማርኛ ልሞክረው ብላ እንዲህ ጻፈች፦ ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ። ጸሐፊ፣ ስንዱ። በሕመም ምክንያት ያልተገኘ አባል፣ ሸጋው። ከሦስቱ አባላት ሁለቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ተጀመረ። አጀንዳ አንድ፣ ምርትን ስለማስፋፋት። አጀንዳ ሁለት፣ በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ቅርንጫፍ ስለመክፈት።

ልጄ ውሸት አትወድም። ያን ሳምንት ሸጋው እውነትም ታሞ ነበር።

ባለ ጠመንጃዎቹ ቤት ሲፈትሹ ይህ ወረቀት ከመጽሐፉ ውስጥ ወደቀ።

«ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ ባለ ደብተሩ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ተሰብስቤ እንጂ ሰብስቤ አላውቅም።»

«ሸጋው ምን ሆኖ ነው የታመመው? ቆስሎ?»

«ሆዱ ተነፍቶ ነው።»

«የት ታከመ?»

«እዚሁ። እኔ ራሴ ዘይት አጠጣሁት።»

«በድብቅ ታከመ» እያለ ጻፈ።

«ጌታዬ፣ ሸጋው እኮ በሬ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና፣ «በሬ ከስብሰባ ይቀራል?» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

«ሐሙስ ወገዳ ትቀርባላችሁ። አንቺ፣ ልጅቷና ሸጋው። አንድ ሰው ቢጎድል ወዮላችሁ» ብሎ ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ ሄደ።

መሬቴን በእኩል የሚያርስልኝ ጎረቤቴ አያ ካሴ ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ በሬውን ነድተሽ ሂጂና አሳያቸው! ምን ያስፈራል?» አለኝ። የነፍስ አባቴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የተሳሳተ ሰው ይመለሳል። ሳቁብኝ ያለ ሰው ግን አይመለስም፤ ጠመንጃ ከያዘማ አስቢው» አሉኝ። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው እህቴ የምላት ጎረቤቴ፣ ልጇ እንዲሁ «ሐሙስ ቅረብ» ተብሎ ሄዶ አልተመለሰም፤ እሷ እስከ ዛሬ የበሩን መወርወሪያ አታስገባም፤ ምናልባት በሌሊት ቢመጣ ብላ።

እንሂድ አልኳት ስንዱን።

«መጽሐፎቹን ጥዬ አልሄድም፣ እማ።»

«መጽሐፍ በየኬላው ይፈተሻል፤ ለእሱ ስትይ ነፍስሽን ልታጪ?»

«የኮሌጁ ናቸው፤ ፈርሜ ነው የወሰድኳቸው። ካልመለስኩ ክሊራንስ አይሰጡኝም። ክሊራንስ ከሌለ ዲግሪም የለም።»

«ኮሌጁ ዝግ አይደለም እንዴ?»

«ሲከፈት ይጠይቁኛላ!»

እናንተዬ፣ የአገራችን ወረቀት! መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተዘግቶ፣ ኮሌጁ ተዘግቶ፣ ክሊራንስ ብቻ ክፍት ነው። ተለማመጥኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልሆነም። አባቷም እንዲሁ ነበር፤ የሰው ዕቃ ቤቱ ሲያድር እንቅልፍ አይወስደውም።

የነፍስ አባቴ ወፍራሙን መጽሐፍ አንስተው ገለጡት። ሽማግሌውን ዓይን ለዓይን ተያዩት።

«ይህ ሰው መናኝ ነው?» አሏት ስንዱን።

«አይደለም አባ፤ ጸሐፊ ነው።»

«ከዚህ ሁሉ ጺም ጋራ?» አሉና ከትከሻቸው የማይለየውን ማኅደር፣ የዳዊታቸውን የቆዳ ልብስ አወለቁና፣ ዳዊቱን አውጥተው በነጠላቸው ጠቀለሉት። ባዶውን ማኅደር ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ የሰጠሁሽ ቆዳ ነው። የሚሳለመው ይሳለመው። ቢጠይቁሽ ግን አትዋሺ» አሉኝ። ወፍራሙ መጽሐፍ ከነሽማግሌው ልኩ ሆነ። ቀጭኑን ደግሞ ከበሶው ከረጢት ግርጌ ቀበርኩት።

ረቡዕ ማለዳ ወገዳ ገበያ ዳር ደረስን። የጨውና የጨርቅ ነጋዴው እንድሪስ በአይሱዙ ወደ ንፋስ መውጫ ሊወጣ ነበር። በርበሬ ስሸጥለት ስንት ዓመታችን ነው። ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀኝም። «እህቴ ሙሉነሽ፣ ከጨው ጆንያው ላይ ተቀመጪ። ጨው የጫነ መኪና ቶሎ ያሳልፉታል፤ ወጣቸው አልጫ እንዳይሆን» አለኝ። ሸጋውን ለአያ ካሴ ትቼው ነው የወጣሁት። ስወጣ አንገቱን አላሻሸሁትም፤ ባሻሸው ኖሮ አልሄድም ነበር።

ንፋስ መውጫ ሳንደርስ ኬላ ላይ ውረዱ አሉን። አንድ ለጋ ጎረምሳ ጠመንጃውን ወደ ማኅደሩ አዞረ።

«ያነገትሽው ምንድን ነው?»

«ማኅደር ነው» አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም።

ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና ተሳለመው። ጓደኛውም መጣ፣ ተሳለመ። ሌሎቹም መጡ። እኔ ቆሜ ሰልፍ ሆነ፤ አንዱማ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ የታመመ ጉልበቱን ሳይቀር አስነካኝ። ሲያልቅ እግሬን ላነሳ ስል፣ ወንበር ላይ የነበረው ጎልማሳ አለቃቸው፣ «ክፈቺው እስቲ» አለ።

ስንዱ ጠፍሩን ፈታችው። ሽማግሌው አፈጠጠ። ጎረምሳው ቆቡን አወለቀ።

«የትኛው አባት ናቸው?»

«የሩቅ አገር ሰው ናቸው» አለች ስንዱ።

«ምን አደረጉ?»

«ለሠራተኛ አዘኑ።»

«በረከታቸው ይደርብን» አለና ግንባሩን ሳመው።

አለቃው አልሳመም። ገጹን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ብዙ አየው። ቀስ ብሎ፣ «እኔ ልጅ ሆኜ እኒህ ሰውዬ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነበሩ» አለኝ። «ያኔ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የት ሄዱ?»

አትዋሺ ተብያለሁ። «አላውቅም ጌታዬ። እኒህኛው ግን ይኸው፣ እንደኛ ተሰደዋል» አልኩት።

ሳቁ ከሆዱ ተነሣ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ሂዱ፣ ሂዱ። ጠፍሩን አጥብቂላቸው፤ የጋይንት ብርድ አይችሉትም» አለኝ። ልጆቹ ምን እንዳሳቀው አልገባቸውም። እኔም የገባኝ በኋላ ነው። ሽማግሌው ለካ ሃይማኖት የሚባል ነገር የማይወድ ሰው ኖሯል! ስንዱ ይህን ስትነግረኝ ናይሮቢ ደርሰናል። «አንቺ ልጅ፣ ስንቱን አሳለምኩት መሰለሽ!» አልኳት።

በወልድያ በኩል አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሞያሌ። የመንገዱን ሁሉ አልጽፈውም፤ የተጓዘ ያውቀዋል፤ ያልተጓዘ አይመነኝም። ድንበሩን ያሻገረን ደላላ «እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሁኑ» አለን። እኔ ከስማዳ ከወጣሁ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም፤ ያን ቀን ግን በፍርሃት ጨፍኜ የምር ተኛሁ። ስነቃ የፖሊስ እጅ የመኪናውን መስኮት ያንኳኳል፤ «ኪታምቡሊሾ! ኪታምቡሊሾ!» ይላል። መታወቂያ ማለቱ ነው። ስንዱ ደንግጣ መጽሐፍ የተዋሰችበትን የኮሌጁን ካርድ ሰጠችው። አገላበጠው፤ ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው። መለሰላት። የተዋሰችው መጽሐፍ እኛን አሻገረን ማለት ነው።

ናይሮቢ እንግዲህ ከተማ ነው፤ ከተማ ብዬ ልለፈው። ብርዱ እንደ ጉና ብርድ አጥንት አይነካም። ሰላምታቸው ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ «ሳሳ» ይላል፣ ሌላው «ፖዋ» ይላል፣ አለቀ! እኛ አገር የልጆቹ፣ የከብቶቹ፣ የሰብሉ፣ የዝናቡ ደኅንነት ሳይጠየቅ ሰው ይተላለፋል? እነሱ በእኛ አንድ ሰላምታ ገበያ ውለው ይመለሳሉ። ኡጋሊ የሚሉትን መጀመሪያ ያቀረቡልን ቀን፣ ገንፎ መስሎኝ መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን ጠበቅሁ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ። «እማ፣ አይመጣም» አለችኝ ስንዱ። እስከ ዛሬ ኡጋሊ ስበላ እጄ መሐሉን ይጎደጉዳል።

የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ባባ ብራያን ይባላል፤ የብራያን አባት ማለት ነው፤ በልጅ ስም መጠራት እዚህም አለ። በርበሬ ባቁላላሁ ቁጥር እያስነጠሰ ይመጣል። «ማማ ስንዱ! ፒሊፒሊ! ሰው ልትገይ ነው?» ይለኛል። እኔ ሽሮ በዘይት ብቻ ልብላ? ስንዱ ቀጭኑን መጽሐፍ ገልጣ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ጉዳዩ፣ የወጥ ሽታን ይመለከታል፤ በመጀመሪያ ላሳዩን መልካም ትብብር እናመሰግናለን፤ እያለ ይወርዳል። ባባ ብራያን በማግስቱ በደብዳቤ መለሰ። እኛ መለስን። እሱ መለሰ። የእሱ በርና የእኛ በር አሥር እርምጃ አይራራቅም፤ እኛ ግን እንደ ሁለት መንግሥት ተጻጻፍን። መጨረሻ ላይ «በአጀንዳው ላይ ለመወያየት ቅዳሜ ትመጡ ዘንድ» ብሎ ጻፈ። ሄድን። ሽሮ ይዤ ሄድኩ። በላ፣ አለቀሰ፣ አስነጠሰ፣ ደገመ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ቆሟል፤ እሱ ግን የበርበሬው ሽታ ሲሸተው ሳህን ይዞ ይመጣል።

ሥራም አገኘሁ፤ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት፣ ድስት ማጠብና ሽንኩርት መክተፍ። ባለቤቷን እትዬ እንላታለን። «እኛ ቤተሰብ ነን» ትላለች፤ ቤተሰብነታችን የሚታየው ዕረፍት ስጠይቅ ነው። «ቤተሰብ ከቤተሰብ ዕረፍት ይጠይቃል?» ትለኛለች። ማታ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ ስንዱ ከወፍራሙ መጽሐፍ እያነበበች ትተረጉምልኛለች፤ ሠራተኛው ከደመወዙ በላይ ይሠራል፣ ትርፉን ባለ ዕቃው ይወስደዋል እያለች።

«ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ገጽ የጨረሰው?» አልኳት። «አያ ካሴ በአንድ አፍ አይናገረውም? እሱ እኮ በእኩል ሲያርስልኝ ጉልበቱም የእሱ፣ በሬውን ማዋሉም የእሱ፣ ግማሹ ግን የእኔ ነበር።»

«እንግዲያው እማ፣ አንቺ ባለ ዕቃዋ ነበርሽ» አለችኝ እየሳቀች።

አልሳቅሁም። ያን ሌሊት አያ ካሴ ግማሹን ከአውድማ ተሸክሞ ቤቴ ሲያስገባልኝ፣ «ተቀመጥ፣ አረፍ በል» ብዬው እንደሆነ ለማስታወስ ስታገል አነጋሁ። ብዬዋለሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስደተኛ የሚመዘግቡበት ቢሮ ተጠራን። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጠያቂዋ ወጣት ሴት ናት፤ ጸጉሯን በጥቃቅኑ ተሠርታለች።

«ከአገርሽ ለምን ወጣሽ?»

እኔም ጀመርኩ። ነገር ከሥሩ ነው የሚነገር። ሸጋው ጥጃ ሆኖ እንዴት እንደተገዛ፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና እንዴት እንዳሠለጠነው፣ ያን ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደዘገየ...

«ማዘር፣ አሳጥሪው» አለኝ አስተርጓሚው።

«ልጄ፣ ገና ቦታው አልደረስኩም።»

ጥጃው አድጎ ቀንበር ሳይለምድ ሰዓቱ አለቀ። ወረቀታችን ላይ «ያልተሟላ» ብለው ጽፈው ሌላ ቀጠሮ ሰጡን። አስተርጓሚው ሲሸኘን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለተኛው ካላመኗችሁ ልጅቷንም አንቺንም ሊመልሷችሁ ይችላሉ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ባለ ደብተር እንደገና ደጄ ላይ የቆመ መሰለኝ።

ስንዱ ቀጭኑን መጽሐፍ አወጣች፤ በሶው ገና ከገጹ ይራገፋል። «ስሚ እማ። ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይምጣ ይላል። ሌላው በኋላ።»

«ይህ ብልግና ነው» አልኳት። «ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ እህል አምጡ እንደማለት ነው።»

«እማ፣ ልጅሽን ሊወስዷት ነው። ሰላምታ ታስቀድሚያለሽ?»

ከዚያ ድስት ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመድኳት። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳት።

በቀጠሮው ቀን ያችው ሴት፣ «ከአገርሽ ለምን ወጣሽ?» አለችኝ።

«ልጄን በአንድ የትምህርት ቤት መልመጃ ምክንያት ሊወስዷት ስለነበር» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሌላውን ሁሉ እሷ እየጠየቀች እኔ መለስኩ። ሰብሳቢነቴን ነገርኳት። ምልዓተ ጉባኤውን ነገርኳት። «ይህ ሸጋው የተባለው የቤተሰብ አባል አሁን የት ነው? እሱም ጥበቃ ያስፈልገዋል?» አለችኝና ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«በሬ ነው» አልኳት።

አስተርጓሚው ተረጎመ። ቀና ብላ አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት። ሳቀች። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች፤ አስተርጓሚው ሳቀ፤ ስንዱም ሳቀች፤ እኔም ከዚያች ቀን ወዲህ ጉሮሮዬ ላይ ደርቆ የኖረው ሳቄ ወጣ። ከዚያ ሴትየዋ በድንገት ሳቋን ተወችው።

«እና ለዚህ ነው ሊወስዷት የነበረው?» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«አዎ» አልኳት። «ለዚህ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንኳ አናውቅም።»

ብዙ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ወረቀት ሰጡን፤ የስንዱ ፎቶ፣ የእኔ ፎቶ፣ ማኅተም። ስንዱ አነበበችልኝ። እዚህ መቀመጥ ይችላሉ ይላል፤ ማንም ወደመጡበት አይመልሳቸውም ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ሸጋው የለበትም።

የቀረው ለአገር መንገር ነበር። አያ ካሴ ኔትዎርክ ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ኮረብታ መውጣት አለበት። ስንት እሑድ ደውዬ «እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቶቹስ፣ ሰብሉስ፣ አባስ» ስል መስመሩ ከሰብሉ ሳይሻገር ይቋረጣል። ለወራት አገሬ ስለ እኛ የሰማው እንደምን ከረማችሁን ብቻ ነው። የነፍስ አባቴ ሞተዋል ብለው ፍትሐት እንዳያደርጉልን ፈርቻለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መውጫ ላይ ደወልኩ። አነሣ፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

«አያ ካሴ» አልኩት። «ስንዱ አጠገቤ ናት። ወረቀት ተሰጥቷታል። ማንም አይወስዳትም። ደርሰናል፤ ደኅና ነን።»

የተቋረጠ መሰለኝ።

«አንቺ ሴት!» አለ። «ሰው እንደምን አደርክ ሳይል ይጀምራል? ምን አገር ነው የገባሽው?» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ተመስገን። ተመስገን። ለአባ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

«ስታርስልኝ፣ ግማሹን ስታመጣልኝ... አረፍ በል እልህ ነበር?»

«ምን ነካሽ? ጠላ ትቀጂልኝ ነበር እንጂ።»

«ሸጋውስ?»

«ደኅና ነው፤ ዘንድሮም ያርሳል። ያ ባለ ደብተር ጠፋ ብለን ስንኖር ያለፈው ሳምንት መጣብኝ። ሸጋው የት ነው አለኝ። እኔም ከእርሻው ላይ ሆኜ፣ ይኸውልህ ሸጋው፣ እያረሰ ነው፣ ወርደህ አናግረው አልኩት።»

«ምን አለህ?»

መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ፤ አልገባም። እስከ ዛሬም አልገባም። ባለ ደብተሩ ምን እንዳለ፣ ሳቁብኝ ብሎ ተመልሶ እንደሆነ፣ አያ ካሴ ከኮረብታው እንዴት እንደወረደ አላውቅም፤ ይህ ሐሳብ ነው ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። ወፍራሙና ቀጭኑ መጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ አሉ፤ ኮሌጁ ሲከፈት ይመለሳሉ። ማኅደሩም ለአባ ይመለሳል። እናንተ ግን ይህን የምታነብቡ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰዎች፣ ኮረብታው ላይ የምትወጡ ካላችሁ አያ ካሴ ደኅና መሆኑን እዩልኝ፤ የነገርኩትንም ድገሙለት፤ ሰላምታው በኋላ ይደርሰዋል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ልጄ ከእኔ ጋር ናት። ደርሰናል። ደኅና ነን።